ያልተበላው ዚንክ

ማሻገሪያዋ መርከብ በሐዲድ ተጎትታ ከባሕር ስትወጣ፣ ከሆዷ በታች በብሎን ከታሰሩት ሃያ አራት የዚንክ ጡቦች አንዱም አልጎደለም ነበር። ማዕዘናቸው እንደ ተገጠሙበት ቀን ቀጥ ያለ ነው፤ ጠርዛቸው ጣት ይቆርጣል። አጣቢዎቹ በላያቸው የበቀለውን አረንጓዴ ልጋግ በውሃ ግፊት ጠርገው ሲያነሱት፣ ጡቦቹ ከመርከቧ ሆድ ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነው ብቅ አሉ። ሃያ ወር ሙሉ ጨው ውሃ ውስጥ ተነክረው የከረሙ አይመስሉም።

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከመርከቧ ሥር ዞረ፤ ፊቱ እየበራ ሄደ።

"እዩልኝ እስቲ! አንድ ግራም አልጎደለም እኮ! ሥራ ማለት ይኼ ነው!" አለና የበያጆቹን አለቃ ትከሻ መታ መታ አደረገ። "ዘንድሮ ዚንክ መቀየር ቀረልን። ሐሙስ ውሃ ውስጥ ትገባለች።"

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ብቻ እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

ይህች ሴት የጥገናው ግቢ የዝገት መሐንዲስ ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም "ሚሊሜትር" ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ሊያበሽቋት ነበር፤ አንድ ጊዜ የላሜራ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ጎደለ ብላ ብዙ የተለፋበትን ብየዳ ስላስፈረሰቻቸው። እሷ ግን ስሙን ወደደችው። ሲጠሯት "አቤት" ትላለች።

ሚሊሜትር ያየችው ሌሎቹ ያዩትን ነው፤ የገባት ግን ሌላ ነው። ሥራውን የሠራ ዚንክ ልብስ ማጠቢያ ላይ የከረመ ሳሙና ይመስላል። መሃሉ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ ሟሙቶ፣ ነጭ ዱቄት ለብሶ ነው የሚወጣው። ብረትና ዚንክ ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ባሕር መጀመሪያ የሚበላው ዚንኩን ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ብረቱን አይነካውም። የዚንክ ሙያው መበላት ነው። ዚንኩ ሳይበላ ከወጣ ባሕሩ ጾሙን አልዋለም፤ ሌላ ነገር በልቷል።

ከኪሷ ሴንጢ አወጣችና ከፊቷ ያለውን ጡብ ጫረችው። ሰማያዊው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ወረደ። ከሥሩ ሌላ እጅ ሰማያዊ። ከዚያ ሥር ግራጫ ፀረ ዝገት። ከሁሉም ሥር ዚንኩ፣ ፀሐይ አይቶ እንደማያውቅ ገላ እያበራ።

ቀጣዩንም ጡብ ጫረችው፤ ያው ነው።

ዚንክ ቀለም እንደማይቀባ በዚያ ግቢ ውስጥ ሻይ የምታመላልሰው ሴት እንኳ ታውቃለች። ቀለም የለበሰ ዚንክ ውሃ አይነካውም፤ ውሃ ካልነካው ደግሞ ከመርከቧ ጋር ከታሰረ ድንጋይ አይሻልም። ስለዚህ ከቅቡ በፊት እያንዳንዱ ጡብ ግራሶ በተቀባ ጋዜጣ ይለበጣል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ጋዜጣው ይላጣል። ይህን ሥራ ለማንም የማይሰጡት የቀቢዎቹ አለቃ ናቸው። ራሳቸው ይለብጣሉ፣ ራሳቸው ይልጣሉ፣ በመጨረሻም እያንዳንዱን ጡብ በሴንጢ ጫፍ ጫር አድርገው ብርሃኑን ካላዩ መሰላሉን አያነሱም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው። ግቢው "አባባ ብሩሽ" ይላቸዋል። የሚሊሜትር አባት ናቸው። በእጇ የያዘችው ሴንጢም የእሳቸው ስጦታ ነው።

"መጀመሪያ ልለካ" አለች ለራሷ። "መናደዱ የትም አይሄድም።"

የውፍረት መለኪያውን አወጣች፤ መዳፍ የሚያክል ሳጥን ነው፤ ወደ ብረቱ ድምፅ ይልክና ማሚቶው እስኪመለስ ቆጥሮ ውፍረቱን ይናገራል። መርከቧ ስትሠራ ላሜራዋ ስምንት ሚሊሜትር ነበር፤ ባለፈው ጊዜ ሲለካ ሰባት ከአራት። ከፊት በኩል ሰባት ከሁለት አለ። መሃል ላይ ሰባት። ወደ ኋላ፣ ወደ ፕሮፔለሩ ስትጠጋ ግን ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ፕሮፔለሩ ነሐስ ነው፤ ነሐስና ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲጎራበቱ ተበዪው ብረቱ ነው። ውሃው ደግሞ እዚያ ጋ እየተሽከረከረ ቀለሙን ልጦታል። ስድስት። አምስት ከአንድ። ከዚያ በኋላ ላሜራው ነቀዝ የገባበት ባቄላ ሆነ፤ መለኪያው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ቦታ አጣ። መርፌ ያለውን ጥልቀት መለኪያ አመጣችና ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ወጋቻቸው። የወጋችውን ሁሉ በጠመኔ ታከብበዋለች። ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ መርፌው ጠልቆ ጠልቆ ሲቆም፣ ከኋላው የቀረው ብረት አንድ ሚሊሜትር ከአንድ ነበር። የወፍራም ካርቶን ያህል።

"እታለም! ደግሞ መርከቤን በጠመኔ ታጨማልቂያለሽ?"

ታናሽ ወንድሟ ነው። የማሻገሪያዋ ሞተረኛ፣ ውሎው ከመርከቧ ሆድ ውስጥ የሆነ ሰው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ክቦቹን አየ።

"ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ዜሮ? የኔን የሒሳብ ፈተና ውጤት ነው እንዴ የለጠፍሽው?"

"ፈረቃ ላይ ስትሆን የት ነው የምትተኛው?"

"ምን?"

"ፍራሽህ። የት ነው ያለው?"

"ምነው፣ ልትድሪኝ ነው? ልጅቷ ፍራሽ ጠየቀች?"

"አትቀልድብኝ። አሳየኝ።"

ወንድሟ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ቀነሰ። ጎንበስ ብሎ የላሜራውን ብየዳ በዓይኑ ተከተለና ጣቱን ትልቁ ክብ አጠገብ አኖረ። "ከዚህ ጀርባ። ሞተሩ ሲጋል እዚህ ጋ ነው ቀዝቀዝ የሚለው። ጭንቅላቴን ላሜራው ላይ ሳስደግፍ ባሕሩን እሰማዋለሁ፤ እሹሩሩ ይለኛል።"

"ውሃ አይገባም?"

"አንቺም ጀመርሽ? አባባ አይበቁኝም? በየሳምንቱ እኮ ነው! 'ከታች ደረቅ ነው? ላሜራው አላላበም?' ቀቢ ሆነው ቀሩ እንጂ መርከበኛ መሆን ነበረባቸው።"

ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰበረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠይቁህ?"

"እኔ እንጃ... መርከቧ ታድሳ ከተመረቀች ወዲህ መሰለኝ። ከዚያ ቀለም በኋላ።" ቆም አለ። "ምነው?"

አባቷ ረስተው ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ይዞ ሲጠብቃት ነበር። አሁን ያ ሐሳብ ተነሥቶ ሄደ።

*

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ የምርቃቱ ፎቶ አለ። መርከቧ ሐዲዱ ላይ ቆማለች፣ ሪባን ታስሮላታል፣ ሆዷ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰማያዊ ነው። ዚንኮቹ አይታዩም። ሚሊሜትር ፎቶውን ስታየው ለምን እንደተቀቡ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

"ሐሙስ አትገባም" አለች ሳትቀመጥ።

"ተቀመጪ እንጂ።"

"አርባ አንድ ጉድጓድ አለ። ዘጠኙ ጋ የቀረው ከሁለት ሚሊሜትር በታች ነው። የኋላው ላሜራ ተቆርጦ መቀየር አለበት።"

"አርባ አንድ፤ ከስንት ሺህ ቦታ?"

"ለመስጠም አንድ ይበቃል።"

"ስሚኝ የኔ እህት። ሁለተኛዋ ማሻገሪያ ሞተሯ ወርዷል። ወዲያ ማዶ ሕዝቡ ሻንጣውን ይዞ ተሰልፏል።"

"ሕዝቡ እኮ ነው የሚገባባት! ሻንጣ ብቻ ብትጭን መች እጨቃጨቅ ነበር?"

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ሆነ፤ ሚሊሜትር ይህን ለስላሳነት ከጩኸቱ የበለጠ ትጠላዋለች።

"ዚንኩን የቀባው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ይኼ ነገር ወደ ላይ ሲሄድ የማን ስም አብሮ ይሄዳል? አባባ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ነው የቀራቸው። ሽማግሌ ማዋረድ ነውር ነው። ቀለም እናጠግባታለን፤ ክረምቱን ትሠራና ረጋ ብለን እናያለን። እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ማን ነው ያዘዛቸው?"

"እኔ ያልኩት 'ሁሉም አንድ ቀለም ይሁን' ነው። ዚንክ የሚል ቃል ካፌ አልወጣም። ባለሙያው እሳቸው ናቸው።"

የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። ሚሊሜትር በሩን ስትዘጋው ፎቶው ከግድግዳው ላይ ተንጋደደ።

*

ቤታቸው ውስጥ ያልተቀባ ነገር የለም። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አባትየው ዕረፍት በወጡ ቁጥር ከግቢው በተረፈ ቀለም አንድ ነገር ይቀባሉ፤ በሩን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የቧንቧውን እጀታ፣ የወንበሮቹን እግር። የሳሎኑ መስኮት ባለፈው ዓመት ከነማጠፊያው ስለተቀባ ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። በሙቀት ጊዜ ሦስቱም ይቀልዱበት ነበር።

ሚሊሜትር ስትገባ ወንድሟ ራት እየበላ ነው። አባቷ ከመታጠቢያው አጠገብ ቆመው ጥፍራቸውን በላምባ ያጸዳሉ። ከትከሻዋ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ አወረደችና ውስጡ ያለውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ብርጭቆዎቹ ዘለሉ።

"ይህን ያውቁታል?"

አባቷ ጡቡን አዩት። ሰማያዊው ላይ የሷ ጭረት አለበት።

"ዚንክ ነው።"

"ቀለሙስ?"

"የኔ ነው። ሁለት እጅ ሰማያዊ፣ ከሥር አንድ እጅ ፀረ ዝገት። ሥራዬን አላጣውም።"

"ጋዜጣውን ረስተው ነው?" ድምፅዋ እንደ ልመና ወጣ፤ በዚህ ራሷን ጠላች። "አባባ፣ ረስተው ነው?"

"ረስቼ አላውቅም" አሉ።

ፎጣውን አንሥተው ጣታቸውን አንድ በአንድ አደረቁ። ከዚያ ተቀመጡና ሳይቸኩሉ ተናገሩ። በምርቃቱ ዋዜማ ጡቦቹን ሁሉ ለብጠው፣ ሆዷን ቀብተው፣ ጋዜጣውን ልጠው ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጣና ግራጫዎቹን ጡቦች አየ። ምንድን ነው ይኼ፣ የተጣፈ ሱሪ አስመሰላችኋት፤ ነገ ካሜራ ይመጣል፤ ሁሉም አንድ ሰማያዊ ይሁን አለ።

"ዚንክ አይቀባም አልኩት።"

"እሱስ?"

"'አባባ፣ ልጅዎ ገና በሙከራ ላይ ናት፣ አይደል?' አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ፈገግ ብሎ ሄደ።"

ወንድሟ ማኘኩን አቆመ።

"መርከቧ ከምርቃቱ በኋላ ሦስት ቀን ሐዲዱ ላይ ትቆያለች ተብሎ ነበር" አሉ አባትየው። "በነዚያ ቀናት ፍቄ እጨርሳለሁ አልኩ። እንግዶቹ ግን ካልተሳፈርን አሉ። ሪባኑ እንደተቆረጠ ወደ ውሃ ለቀቋት። መፋቂያው ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"እሺ። ከዚያ በኋላስ? ሃያ ወር?"

"ዝም አይነቅዝም ብዬ።"

"ዝም አይነቅዝም!"

"ብናገር አንቺን ነበር የሚያባርሩሽ። ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ።"

ለአንቺ ብዬ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው፣ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ። ሚሊሜትር አባቷን "እርስዎ" እያለች ነው ያደገችው፤ ቁጣዋ በዚያች ቃል ውስጥ አልበቃ ብሎ ገነፈለ።

"ማን ጠየቀዎት? እኔ ጠይቄዎታለሁ? አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ለኔ ቢነግሩኝ ጠላቂ ዋናተኛ አውርጄ ውሃ ውስጥ እንዳለች አስፍቃት ነበር! የሁለት ቀን ሥራ! ከሥራ መባረር ምንድን ነው? ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ! ይሄ ልጅዎ ሌላ ሳንባ አለው? እዚያ ውስጥ እኮ ነው የሚተኛው! ከራስጌው አንድ ሚሊሜትር ነው የቀረው!"

"አትጩሂ። ጎረቤት ይሰማል።"

"ይስማ!"

ወንድሟ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ይህ ልጅ ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማያጣ ነው። አሁን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

"አባባ። 'ላሜራው አላላበም?' እያሉ የሚጠይቁኝ ለዚህ ነበር?"

አባትየው ዚንኩን ያያሉ።

"አልቧል ብልዎትስ ኖሮ? ምን ሊሉኝ ነበር?"

"ውጣ ልልህ ነበር።"

"የት ነው የምወጣው? መሃል ባሕር ላይ?"

ወንድሟ ተነሣ፤ ጃኬቱን ከማንጠልጠያው አንሥቶ ወጣ። የበሩ ማጠፊያ በቀለም ስለተጣበቀ በሩን ወርውሮ መዝጋት እንኳ አልቻለም፤ በትከሻው ገፍቶት ሄደ።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ" አለች ሚሊሜትር። ዚንኩን አነሣች። ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። "ነገ ጠዋት ይምጡና ዝምታዎን ይዩት። ነቅዟል። እኔ ለክቼዋለሁ።"

*

በማግስቱ ጠዋት ወደ ግቢው ስትገባ ክቦቿ አልነበሩም።

የመርከቧ የኋላ ሆድ በሙሉ ግራጫ ፀረ ዝገት ተለቅልቋል፤ ገና እርጥብ ነው። ጉድጓዶቹ ጠግበው፣ ላሜራው ለስልሶ፣ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። የጠዋት ፈረቃ ቀቢዎች ብሩሻቸውን እየጨመቁ ዓይኗን ሸሹ። አባቷም አሉ። በአንድ እጃቸው ብሩሽ፣ በሌላው የሰማያዊ ቀለም ጣሳ ይዘው ከሐዲዱ አጠገብ ቆመዋል፤ ጣሳው ገና አልተከፈተም።

"ሰው አሰማርቼ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ ከበስተኋላዋ። "አየሽ እንዴት አማረባት? ትናንት ተናደሽ ነበር፣ ይገባኛል። ግን ብረት እኮ ነው ልጄ። ካርቶን አይደለም።"

ሚሊሜትር ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ያለውን ሜትር አወጣች። ጠመኔ ሊጠፋ ይችላል፤ የወሰደችው ልክ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ከቋሚው ብየዳ አርባ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ከታችኛው ሃያ ስድስት። ሁለቱ በተገናኙበት እርጥብ ቀለም ላይ በጣቷ ክብ ሠራች።

"መዶሻ ስጡኝ" አለች። "ሹሉን። የዝገት መፈርፈሪያውን።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ራሷ ሄዳ ከዕቃ ሣጥኑ አነሣችው።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ካርቶን አይደለም ብለዋል። ብረት ከሆነ መዶሻ አይፈራም።"

"የመንግሥት ንብረት ነው! ተይ! ያዟት!"

የያዛት የለም። የመጀመሪያው ምት ቀለሙን ፊቷ ላይ ረጨው። ሁለተኛው ሲያርፍ የብረቱ ድምፅ ተለወጠ፤ የሞላ በርሜል ድምፅ የነበረው የተሰነጠቀ ድስት ድምፅ ሆነ፤ በያጆቹ በሙሉ ቀና አሉ፤ ይህን ድምፅ ያውቁታል። ሦስተኛውን ስትመታ የሃያ ወር ንዴት እንዳለባት ሰው መታች፤ ንዴቷ ግን ገና አንድ ቀኑ ነው። የመዶሻው ሹል ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ።

ስትነቅለው ባቄላ የሚያሳልፍ ጥቁር ቀዳዳ ቀረ።

ከዚያ ከመርከቧ ውስጥ የእግር ኮቴ መጣ። ማለዳ ፍራሹን ሊያወጣ የገባው ወንድሟ ነበር። ኮቴው ከላሜራው ጀርባ ቆመ፤ ቀዳዳው ውስጥ ብርሃን ጠፋ፤ ቀጥሎ በዘይት የጠቆረች ትንሽ ጣት ከመርከቧ ሆድ ብቅ ብላ እንደ ትል ተንቀሳቀሰች።

"እታለም" አለ ድምፁ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ። "ይቺ ከራስጌዬ ነበረች።"

ማንም አልሳቀም።

አባቷ ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ብሩሹን በላዩ አጋደሙ። "እኔ ነኝ የቀባሁት" አሉ፤ ጮክ ብለው፣ ለሁሉም። "ዚንክ አይቀባም ብዬ ነገርኩት። በልጄ አስፈራራኝና አውቄ ቀባሁ። ከዚያም ልጄ ውስጧ እየተኛ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሱ ነው፤ የኔም ነው።"

ሥራ አስኪያጁ "አባባ፣ ምን እያሉ ነው?" እያለ እጁን የበያጆቹ አለቃ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ አለቃው ትከሻውን ከእጁ ሥር አሸሸ።

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷ መዶሻውን እንደያዘች ናት። አንድ ነገር እንድትል እንደሚጠብቁ ገባት። ያላትን ብቻ አለች።

"ዘገዩ፣ አባባ።"

*

ማሻገሪያዋ ሐሙስ አልገባችም፤ የሚቀጥለውም ሐሙስ አልገባችም። የኋላው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ፤ ዝገቱ በመዶሻ ሲራገፍ ፀሐይ በአሥራ አንድ ቦታ አለፈበት። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ ግቢ ወደሚበልጥ ግቢ ተዛወረ፤ ሽኝት ተደረገለት፣ ያንኑ ፎቶ አስፍቶ በክፈፍ ሰጡት። አባባ ብሩሽ ጡረታቸው ሳይደርስ እንዲወጡ ተወሰነ። ሽኝት አልተደረገላቸውም። ሚሊሜትር ይህንን ሁሉ ስትሰማ የተናገረችው ቃል ግቢው ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

የመጨረሻ ሥራቸው እሷው መርከብ ነበረች። ሃያ አራቱን አዲስ ጡቦች ራሳቸው ለበጡ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ራሳቸው ላጡ፣ እያንዳንዱን በሴንጢ ጫፍ ጫሩ። ሚሊሜትር ከኋላ ከኋላቸው እየሄደች እያንዳንዱን ደግማ ጫረች። እንደማታምናቸው እንዲያዩ ነው ያደረገችው፤ አዩም። ከሃያ አራቱ አንድ እንከን ብታገኝ ደስ ይላት ነበር። አላገኘችም።

መርከቧ ውሃ የነካች ቀን የቮልት መለኪያዋን ማነጻጸሪያ ዘንግ በገመድ ወደ ባሕሩ አወረደች፣ የመለኪያውን ሌላ ሽቦ ከመርከቧ ሆድ ጋር አያያዘች። ብረቱ እንዳይበላ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስምንት መቶ ሚሊቮልት ማለፍ አለበት። ከዜሮ በታች አንድ ሺህ ሃያ አነበበ። አባቷ ከወደቡ ጫፍ ቆመው ያዩዋት ነበር። ስንት አነበበ ብለው አልጠየቁም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

ወንድሟ ፍራሹን ወደ ላይኛው ወለል አወጣ። እዚያ ንፋሱና የተሳፋሪው ጫጫታ አያስተኛም፤ ይሻለኛል ይላል። ቤት ውስጥ ቀልዱ ተመልሷል፣ ለአባቱ ግን አይቀልድም። ሚሊሜትር "ራት ቀርቧል" እና "ቁልፉን የት አኖሩት" ትላለች፤ ሌላ የምትለው የላትም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የሳሎኑ መስኮት ተከፍቶ አገኘችው። ማጠፊያው እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ ያበራል፣ ወለሉ ላይ የቀለም ፍርፋሪ አለ። ጠረገችው። አመሰግናለሁ አላለችም። መስኮቱንም አልዘጋችውም።

በስድስተኛው ወር ጠላቂ ዋናተኛ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ካሉት ዚንኮች አንዱን ፈትቶ አመጣላት። መሃሉ ጎድጉዷል፣ ጠርዙ ሟሙቷል። ነጩን ዱቄት አጥባ፣ አድርቃ ሚዛን ላይ አኖረችው። ሲታሰር አሥር ኪሎ ነበር። ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም መዘነ።